ዜማው የጠፋ የቁም ሰዓት፦ ዝምታውን ከምንጩ የማግኛ መመሪያ

ሰዓቱ ይሠራል። ፔንዱለሙ ይወዛወዛል፤ ቆጣሪዎቹም በትክክለኛው ቦታ ላይ ናቸው። ዜማው ግን የለም። ረጅም የቁም ሰዓት ያለው ሰው ይህን ዝምታ ያውቀዋል፤ የለመዱት ድምፅ ሲቀር ቤቱ ሰው የጎደለበት ይመስላል። በዚህ ጊዜ ብዙዎች ከሁለት አንዱን ያደርጋሉ። ወይ ሰዓቱን ለዓመታት እንደዚያው ይተዉታል፤ ወይም የጎኑን ክዳን አንስተው ያገኙትን ሁሉ መነካካት ይጀምራሉ። ሁለቱም ያሳዝኑኛል፤ ምክንያቱም እኔ ካየኋቸው ዝም ያሉ ሰዓቶች አብዛኞቹ የተሰበረ ነገር አልነበራቸውም። አንዱ ነገር ተይዞ፣ ወይም ተዘግቶ፣ ወይም ከቦታው ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ነው የሚገኘው።

ስለዚህ ካቻቢቴውን ለጊዜው ያቆዩት። መጀመሪያ የሚያስፈልጉት ደህና የእጅ ባትሪ (መብራት)፣ የጨርቅ ጓንት፣ ወረቀትና እርሳስ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ አንድ ሰዓት ሙሉ ቁጭ ብሎ የሚያዳምጥ ጆሮ ናቸው።

ሦስቱ ክብደቶች ምን ይሠራሉ?

በሩን ከፍተው ፊት ለፊት ሲቆሙ ሦስት ክብደቶች ተንጠልጥለው ካዩ፣ ማሽኑ ውስጥ ጥርስ በጥርስ የሚነካኩ ሦስት የመዘውር ረድፎች አሉ ማለት ነው። መካከለኛው ክብደት የሚነዳው ጊዜ ቆጣሪውን ረድፍ ነው። የግራው፣ ሰዓት ሲሞላ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ የሚመታውን ይነዳል። የቀኙ ደግሞ በየሩብ ሰዓቱ የሚሰማውን ዜማ ያጫውታል። ሁለት ክብደት ብቻ ካለ ሰዓቱ ሲሠራም ዜማ አልነበረውም፤ ያለው የሰዓቱ ምት ብቻ ነው። ስለዚህ የሌለ ነገር ፍለጋ አይድከሙ።

በአብዛኞቹ ሰዓቶች ላይ የሚሰማው የዌስትሚኒስተር ዜማ ነው። ይህ ዜማ መጀመሪያ የተሠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1793 በእንግሊዟ ካምብሪጅ ለነበረ የቤተ ክርስቲያን ሰዓት ሲሆን፣ በ1859 የለንደኑ የፓርላማ ሰዓት ከያዘው በኋላ በዓለም ሁሉ ታወቀ። አሠራሩን ማወቅ ለጥገናው ይረዳል። በመጀመሪያው ሩብ 4 ምት፣ በግማሽ 8፣ በሦስተኛው ሩብ 12፣ ሰዓት ሲሞላ 16 ምት ይሰማል። በሰዓት 40፣ በቀን 960 ምት መሆኑ ነው። ሰዓት የሚቆጥረው የግራው ረድፍ ግን በቀን የሚመታው 156 ጊዜ ብቻ ነው። የቀኙ ረድፍ የሥራ ጫና ከዚህ ይታያል። አብዛኛውን ጊዜ ክብደቱ ከሌሎቹ የሚከብደውም፣ ዘይት ሲደርቅ መጀመሪያ የሚደክመውም ይኸው ረድፍ ነው።

አንድ ነገር እዚህ ላይ አጥብቄ ልናገር። ዜማውም የሰዓቱ ምትም አንድ ላይ ከጠፉ ሁለት ነገር ተበላሽቷል ብለው አይደንግጡ። ባለ ሦስት ክብደት በሆኑት ሰዓቶች የሰዓቱን ምት የሚለቀው ራሱ የዜማው ረድፍ ነው፤ የሰዓቱ መሙያ ዜማ ሲያበቃ የግራውን ረድፍ ነክቶ “አሁን አንተ ቀጥል” ይለዋል። ዜማው ካልተጫወተ ምቱም ተራው አይደርሰውም። ሁለቱም ዝም ሲሉ ፍለጋውን በቀኙ በኩል ይጀምሩ። ዜማው ተጫውቶ የሰዓቱ ቆጠራ ብቻ ሲቀር ነው ወደ ግራው የሚሄዱት።

ዝም በል ተብሎ እንደሆነስ?

የሰዓቱን ፊት በደንብ ይመልከቱ። በጠርዙ፣ ብዙውን ጊዜ በ3 ወይም በ9 ቁጥር አጠገብ፣ ትንሽ መቀያየሪያ ትኖራለች። አንዱ ጫፍ ዝምታ ነው፤ ሌሎቹ የዜማ ዓይነቶች ናቸው፤ ዌስትሚኒስተር፣ ዊቲንግተን፣ ሴንት ማይክል የሚሉ። አቧራ የጠረገ እጅ ወይም የልጅ ጣት መቀያየሪያዋን ወደ ዝምታ ገፍቷት ሊሆን ይችላል። በሁለት ዜማዎች መካከል ቆማ ከሆነም መዶሻዎቹን የሚያነሱት ጥርሶች ከመዶሻዎቹ ጭራ ጋር ስለማይገጥሙ፣ ወይ ምንም አይሰማም ወይ የተቆራረጠ ድምፅ ይሰማል። መቀያየሪያዋን እስከ መጨረሻው ያድርሷት። ዜማው እየተጫወተ ሳለ ወይም ሊጫወት ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ግን አይንኳት፤ በዚያ ሰዓት መግፋት የመዶሻ ጭራ ያጣምማል።

ሌሊት ራሱን ዝም የሚያሰኝ ሰዓትም አለ። ይህ ዓይነቱ ሰዓት በ24 ሰዓት አንድ ጊዜ የሚዞር መዘውር አለው፤ ቀንና ሌሊቱን የሚያውቀው በዚያ ብቻ ነው። ሰዓቱ ቆሞ እንደገና ሲነሣ ቆጣሪዎቹ በትክክል ቢገጠሙም፣ ያ መዘውር 12 ሰዓት ተዛንፎ ሊቀር ይችላል። ያን ጊዜ ሰዓቱ ቀን ዝም ይልና ሌሊት ይዘምራል። ሌሊት ተነሥቶ ያዳመጠ ሰው ወዲያው ይገባዋል። መፍትሔው ደቂቃ ቆጣሪውን ወደ ፊት እያዞሩ 12 ሰዓት ማሳለፍ ነው፤ በየሩቡ እየቆሙ፣ የሚጫወት ከሆነም እስኪጨርስ እየጠበቁ።

የቀኙ ክብደት ይናገራል

ከሁሉም ምርመራ የምወደው ይህን ነው፤ ምክንያቱም ምንም ሳይነኩ ግማሹን መልስ ይሰጣል። ሦስቱንም ክብደቶች እኩል ወደ ላይ ይሙሉና በወረቀት ላይ ቀኑን ይጻፉ። ከሦስትና ከአራት ቀን በኋላ በሩን ከፍተው የት እንደደረሱ ይመልከቱ።

የቀኙ ክብደት ከሌሎቹ ጋር ተመጣጥኖ ከወረደ ማሽኑ ዜማውን እየተጫወተ ነው፤ ድምፁ ብቻ አልወጣም። ችግሩ መዶሻዎቹ ዘንድ ነው፤ ቀጥታ ወደዚያው ክፍል ይሂዱ። የቀኙ እንደተሞላ ላይ ቀርቶ መካከለኛው ብቻ ከወረደ፣ የዜማው ረድፍ ጨርሶ አልዞረም። ተቆልፏል፣ ወይም ጉልበት አጥሮታል።

እግረ መንገድዎን እነዚህንም ይዩ። ክብደቱ ከታች ወለሉ ላይ አርፎ ከሆነ ያልተሞላ ሰዓት ነው፤ ብዙዎቹ በየሳምንቱ መሞላት አለባቸው። ከሰዓቱ ግድግዳ ወይም ከጎረቤቱ ክብደት ጋር እየተሻሸ ከሆነ ሰዓቱ ያዘነበለ ነውና ከሥሩ በውሃ ልክ ያስተካክሉት። ክብደቶቹ ተነሥተው የተመለሱ ከሆነ ደግሞ ቦታ ተለዋውጠው ሊሆን ይችላል። ከሥራቸው ይመልከቱ፤ ብዙውን ጊዜ በላቲን ፊደል ኤል፣ ሲ ወይም አር ተጽፎባቸዋል፤ ግራ፣ መካከል፣ ቀኝ ማለት ነው። ቀላሉ ክብደት በቀኝ ከተንጠለጠለ ዜማው እየተጎተተ ይጫወትና በመጨረሻ ይቆማል። ሲያነሷቸው ጓንት ያድርጉ፤ የእጅ ላብ ነሐሱን ያጠቁረዋል።

በብረት ገመድ የሚሠራ ሰዓት ከሆነ አንድ ጥንቃቄ አለ። በሚሞሉበት ጊዜ ክብደቱን በእጅ አያግዙት። ገመዱ ሲላላ ከተጠመጠመበት ከበሮ ላይ ይዘልና እርስ በርሱ ይደራረባል፤ ያ የተደራረበ ገመድ ረድፉን ጥርቅም አድርጎ ይይዘዋል። በባትሪ ወደ ላይ አብርተው ገመዱ ጎን ለጎን ተስተካክሎ መጠምጠሙን ይዩ።

አንድ ሰዓት ይታገሡ

ቆጣሪውን በቅርቡ ካዞሩት ወይም ሰዓቱ ቆሞ ከተነሣ፣ ዝምታው ጥፋት ላይሆን ይችላል። በዚህ ዘመን የተሠሩት አብዛኞቹ ባለ ዜማ ሰዓቶች ራሳቸውን ያርማሉ። ከደቂቃ ቆጣሪው ኋላ አራት ጉብታ ያላት የነሐስ ኮከብ አለች፤ በየሩቡ አንዱ ጉብታ ማንሻውን ከፍ ያደርግና ዜማውን ይለቃል። ከአራቱ አንዱ፣ የሰዓት መሙያው፣ ከሌሎቹ ይረዝማል። ዜማው ከቆጣሪው ጋር ሲዛነፍ ማሽኑ ራሱን ይቆልፋል፤ ያን ቁልፍ የሚከፍተው ረጅሙ ጉብታ ብቻ ስለሆነ እስከሚቀጥለው የሰዓት መሙያ ድረስ ዝም ይላል። ስለዚህ ምንም ሳይነኩ አንድ፣ ቢበዛ ሁለት ሰዓት ይጠብቁ። ሰዎች በዚህ መሐል ተስፋ ቆርጠው ቆጣሪውን ወዲያና ወዲህ ያመላልሱታል፤ በእያንዳንዱ ማመላለስ ማሽኑ እንደገና ይዛነፋል፤ ደህናው ሰዓት ታማሚ ይሆናል።

ቆጣሪ ሲዞር ወደ ፊት ነው። ወደ ኋላ መመለስ የሚፈቅዱ ማሽኖች አሉ፤ በድሮዎቹ ላይ ግን ማንሻ ያጣምማል። እጅዎ የሚገታ ነገር ከተሰማው ያቁሙ።

መሰናዶውን ማዳመጥ

አሁን ወንበር ስበው ሰዓቱ አጠገብ ይቀመጡ። ሩብ ሊሞላ ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩ ከውስጥ “ቀጭ” የሚል ድምፅ፣ ተከትሎም አጭር “ፍርር” መሰማት አለበት። ይህን መሰናዶ እለዋለሁ። ጉብታው ማንሻውን እያነሣ ነው፤ ረድፉ ከዋናው ቁልፍ ተላቅቆ ትንሽ ተንቀሳቅሶ በሁለተኛው ቁልፍ ላይ ያርፋል። ሩቡ ልክ ሲሞላ ማንሻው ከጉብታው ጫፍ ይወድቃል፤ ሁለተኛው ቁልፍ ይከፈታል፤ ረድፉ ይሮጣል። የጎን ክዳኑን ቢያነሱ ከላይ በኩል እንደ ወረቀት የሳሳች የብረት ክንፍ ያያሉ። አየሩን እየቀዘፈች ዜማው ተጣድፎ እንዳይበር የምትገታው እርሷ ናት፤ ዜማው ሲጫወት በዓይን የማትለይ እስክትሆን ትሽከረከራለች።

መሰናዶው ጨርሶ ካልተሰማ ማንሻው አልተነሣም። መቀያየሪያው በከፊል ይዞት፣ ወይም የደረቀ ዘይት አጣብቆት፣ ወይም የደቂቃ ቆጣሪው ዳዶ ላልቶ ይሆናል። ዳዶውን በጣትዎ ብቻ ጠበቅ ያድርጉ። ማንሻውን በጥርስ መፋቂያ ዕንጨት ጫፍ በቀስታ ከፍ አድርገው ይልቀቁት፤ በገዛ ክብደቱ ተመልሶ መውደቅ አለበት። ተንጠልጥሎ ከቀረ የተጣበቀ ነው።

“ቀጭ” ተሰምቶ ሩቡ ሲሞላ ምንም ካልተከተለ፣ ቁልፉ ተከፍቷል፤ ረድፉ ግን የመዞር አቅም አጥቷል። በዚያው ቅጽበት ጓንት ባደረገ እጅ የቀኙን ክብደት በቀስታ ወደ ታች ጫን ይበሉት። ዜማው እየተንፏቀቀ ከተነሣ ችግሩ መሻሻት ነው፤ ዘይቱ ደርቋል ወይም ቆሻሻ ይዞታል። ያም ካላስነሣው የክንፏን ጠርዝ በዕንጨቷ ትንሽ ይንኳት። ተነሥታ ከሮጠች ድካሙ ከላይ ባሉት ቀጫጭን መዘውሮች ላይ ነው። ጣትዎን ግን ያርቁ፤ ክንፏ ስትነሣ በኃይል ነው። ይህ ሁሉ ተደርጎ ካልተንቀሳቀሰ አንድ ነገር ረድፉን ይዞታል፤ ከዚህ በላይ አይግፉት።

“ፍርርር” የሚል የሩጫ ድምፅ ረዘም ላለ ጊዜ ተሰምቶ ዜማ ከሌለ ደግሞ መዶሻዎቹን እንይ።

መዶሻዎቹና ዘንጎቹ

ከማሽኑ በስተኋላ፣ ከከባድ ብረት ጋር የታሰሩ ረጃጅም ቀጫጭን ዘንጎች ወደ ታች ተንጠልጥለዋል። በፊታቸው የቆዳ ወይም የጠንካራ ፕላስቲክ ራስ ያላቸው ትናንሽ መዶሻዎች ተደርድረዋል። ሰዓት ከቦታ ቦታ ሲጓጓዝ መዶሻዎቹ እንዳይወዛወዙ በስፖንጅ፣ በክር ወይም በወረቀት ይታሰራሉ። ያ ማሰሪያ ተረስቶ የሚቀርበት ጊዜ እጅግ ብዙ ነው። አንድ ወዳጄ ቤት ከተዛወረ ወዲህ ሁለት ዓመት ሙሉ ዝም ያለ ሰዓት ነበረው። የኋላውን አብርቼ ስመለከት በመዶሻዎቹና በዘንጎቹ መካከል የታጠፈ ጨርቅ ተሸጉጦ አገኘሁ። በሁለት ጣት ስቤ አወጣሁት። ሩብ ሲሞላ የቤቱ ሰው ሁሉ ከየክፍሉ ወጣ።

ማሰሪያ ከሌለ ርቀቱን ይለኩ። መዶሻው ሥራ ፈትቶ ሲያርፍ ከዘንጉ 3 ሚሊ ሜትር ያህል መራቅ አለበት። ሲመታ በሩጫው ግፊት ደርሶ ነክቶ ወዲያው ይመለሳል። ከራቀ አይደርስም፤ ከተጠጋም ዘንጉ ላይ ተለጥፎ ድምፁን ያፍነዋል፤ ዜማው ቀርቶ “ጥም፣ ጥም” የሚል የታፈነ ነገር ይሰማል። መዶሻውን በጣት ወደ ኋላ ስበው ይልቀቁት፤ ጥርት ያለ ድምፅ ካወጣ ጤነኛ ነው። ካላወጣ የመዶሻውን የነሐስ ሽቦ ከሥሩ በአንድ እጅ ደግፈው በሌላው በጣም ትንሽ ያቅኑት፤ ለቀው ይሞክሩ፤ እንደገና ትንሽ ያቅኑት። በአንድ ጊዜ ልክ ላግኝ ብለው አይጫኑ። መዶሻው የሚያርፈው በራሱ ዘንግ መካከል መሆኑንም ይዩ፤ ጎረቤቱን የሚነካ መዶሻ ዜማውን ያበላሻል።

የሚታጠፈው መዶሻው ነው፤ ዘንጉ በፍጹም። ዘንጎቹ ከብረቱ ጋር በሚገናኙበት አንገት ላይ የሳሱ ናቸው። ለማቅናት የተሞከረ ዘንግ ሲሰበር አይቻለሁ፤ እንደ ደረቅ ጭራሮ “ቀጭ” ብሎ ነው የሚለየው። ማጣበቂያ አይመልሰውም፤ ቢጣበቅ እንኳ ድምፁ ሞቷል፤ በልኩ የተሠራ ሌላ መፈለግ ግድ ነው።

መዶሻዎቹ ሁሉ እኩል ከዘንጎቹ ከራቁ አንድ በአንድ ማቅናት አይጀምሩ። ማሽኑ ራሱ ከተቀመጠበት ሳንቃ ላይ ተንሸራትቶ ሊሆን ይችላል። ከሳንቃው ሥር ያሉትን ብሎኖች ይዩ፤ ላልተው ከሆነ ማሽኑን ወደ ቦታው መልሰው ያጥብቁ። ድምፁ ያለ ነገር ግን የደነዘዘ ከሆነ ደግሞ ዘንጎቹን የያዘው ከባድ ብረት ከሰዓቱ ጀርባ ጋር የታሰረበትን ብሎን ይፈትሹ።

ዘይት

መሻሻት ነው ብለው ከደረሱበት በቤት ያለውን የሚረጭ ዘይት አያንሱ። ይህን የምለምነው ያህል ነው። ለጥቂት ሳምንት ሰዓቱ የዳነ ይመስላል፤ ከዚያ የቀረው ቅባት ከአቧራው ጋር ሆኖ እንደ ሙጫ ይጋግራል። የሚያስፈልገው የሰዓት ዘይት ነው፤ የሚቀባውም የመዘውሮቹ ዘንግ ጫፍ ከፊትና ከኋላ ባሉት የነሐስ ሳህኖች ቀዳዳ ውስጥ በሚዞርበት ቦታ ነው። በቀጭን መርፌ ጫፍ ለእያንዳንዱ ቀዳዳ ጠብታ፣ ያውም ትንሽ። የመዘውሮቹ ጥርስ ዘይት አይነካውም። ከ3 እስከ 5 ዓመት ባለው ጊዜ አንድ ጊዜ ይበቃል።

ከመቀባትዎ በፊት ግን ቀዳዳዎቹን በባትሪ ይዩአቸው። ዙሪያቸው ጥቁር ወይም አረንጓዴ ቀለበት ካለ አሮጌው ዘይት ከብረት ብናኝ ጋር ተቀላቅሏል። በላዩ ላይ አዲስ ዘይት መጨመር ያንኑ ብናኝ እንደገና ማስፈጨት ነው፤ ማሽኑ ወጥቶ መታጠብ አለበት። ቀዳዳው ክብነቱን ትቶ እንደ እንቁላል ከሞለለም ተበልቷል። እነዚህ የሰዓት ሠሪ ሥራዎች ናቸው። ወደ እርሱ ሲሄዱ በማሽኑ የኋላ ሳህን ላይ የተቀረጸውን ቁጥር ገልብጠው ይውሰዱ፤ እንደ ሄርምሌና ኪኒንገር ያሉት የጀርመን አምራቾች የማሽኑን ዓይነት እዚያ ያትማሉ። መሰናዶው ተሰምቶ እንደሆነና የቀኙ ክብደት ወርዶ እንደሆነም ይንገሩት፤ ብዙ ፍለጋ ይቀንስለታል።

ድምፁ ከተመለሰ በኋላ

የመጀመሪያውን አንድ ሰዓት አብረውት ይቆዩ። በመጀመሪያው ሩብ አራቱ ድምፆች ከቀጭኑ ወደ ወፍራሙ እየወረዱ መሰማት አለባቸው፤ ከዚያ 8፣ ከዚያ 12፣ ከዚያ 16፤ ቀጥሎም የሰዓቱ ቆጠራ።

ቆጠራው ሰዓት ቆጣሪው ከሚያሳየው ቁጥር ጋር ካልተስማማ፣ በአብዛኞቹ አዳዲስ ሰዓቶች ሰዓት ቆጣሪው በመጨበጥ ብቻ የተሰካ ስለሆነ ለብቻው ወደተመታው ቁጥር ማዞር ይቻላል። በድሮዎቹ በብሎን የታሰረ ሊሆን ስለሚችል እምቢ ካለ አያስገድዱት። ዜማው ሩቡን ሁለትና ሦስት ደቂቃ ቀድሞ ወይም ዘግይቶ የሚጀምር ከሆነ ደግሞ ዳዶውን ፈትተው የደቂቃ ቆጣሪውን ያውጡ። ከጀርባው መካከል አራት ማዕዘን ቀዳዳ ያላት ትንሽ የነሐስ ቀለበት አለች። ቆጣሪውን በአንድ እጅ ይዘው ቀለበቷን በፒንሳ በጥቂቱ ያዙሯትና መልሰው ይግጠሙት። ቆጣሪው ዜማው በሚነሣበት ቅጽበት 12 ቁጥር ላይ ቀጥ ብሎ እስኪቆም ድረስ ሁለትና ሦስት ጊዜ መሞከር ያስፈልግ ይሆናል።